ለባለቤቱ ሦስተኛ ጥሪ

ዘበኛው ከቢሮው ደጃፍ ብቅ ብሎ «መድኃኔዓለም!» ሲል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወረፋ የያዘው ሰው ብድግ ብሎ አማተበ። አንዲት አሮጊት «አቤቱ ይቅር በለን» አሉ። ዘበኛው ግን ጸሎት ማድረሱ አልነበረም። የያዘውን ወረቀት ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «መድኃኔዓለም፣ ቀራንዮ፣ የቤት ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት!» ብሎ ደገመ፤ ጥቂት ጠበቀና ወደ ውስጥ ዞሮ በጣልያንኛ የለም አለ። ከወረፋው አንዱ ጎልማሳ ሳቀ። ጎኑ ያለው ሰው ደግሞ «ምኑ ያስቅሃል? ከሰማይ ወርዶ ቤት ሊከራከር ኖሯል?» ብሎ ገሠጸው። ከሰልፉ መጨረሻ የቆመችው ጥሩብርሃን አልሳቀችም፣ አላማተበችምም። ከል የገባ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀለለች። የተጠራው ባለቤት ተነሥቶ እንደማይቀርብ ከሁሉም ይልቅ የምታውቀው እሷ ነበረች። ስሙን ያስጻፈችው እሷ ናት።

ቤቱ ቤት ከተባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ወይዘሮ ጽጌማርያም የሚባሉ ልጅ ያልወለዱ የመድኃኔዓለም ማኅበርተኛ ሲሞቱ ለማኅበሩ ተናዝዘውት፣ ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በሃያ ሰባት ማኅበርተኞቹ ጽዋ የሚጠጡበት፣ በሌላው ቀን ደግሞ የጥሩብርሃን ወንድም መሸሻ ከእሷ ጋር እየኖረ ልጆች ፊደል የሚያስቆጥርበት ሆኖ ኖረ። ጣልያን በገባ በሁለተኛው ክረምት ቤት ቆጣሪዎች መጡ። መሸሻ ንዳድ ይዞት ጓዳ ተኝቷል። በር ላይ ያገኟት እሷን ነበር። «የማን ቤት ነው?» ቢሏት «የመድኃኔዓለም ነዋ» አለች፤ ሠፈሩ ሁሉ እንደሚለው፣ ሌላ መልስ ይኖረዋል ብላም ሳታስብ። ጻፉ። አውራ ጣቷን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ተጫኑት፤ ቀለሙ ሦስት ቀን አልለቀቃትም። መሸሻ በኅዳር ሞተ። በአርባው ማግሥት አጥሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ኤንቴ የሚሉት የባህልና የትምህርት ድርጅት ቀራንዮ ላይ ሲኒማ ቤትና ትምህርት ቤት ሊያሠራ ነው፤ የቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ባለቤት ሦስት ቀን ተጠርቶ ካልቀረበ ድርጅቱ ቦታውን በራሱ ስም ያደርገዋል። ዛሬ ሦስተኛው የጥሪ ቀን ነው። ቤቱ ከሄደ ከመሸሻ የሚቀራት አንድ የፊደል ገበታና በየጠዋቱ የሚመጡ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ናቸው፤ እነሱንም የምትሰበስብበት ጣራ የላትም። እሷ ራሷ ፊደሉን የለየችው ከጓዳ ሆና ወንድሟ ሲያስተምር በመስማት ነበር። አሁን ልጆቹን የምታስቆጥረው እሷ ናት።

ወረፋው ደርሷት ስትገባ ክፍሉ የቀለምና የአዲስ ሳንቃ ሽታ ይሸታል። ግድግዳው ላይ ከመሪያቸው ሥዕል ጎን ዓምድ ያለው ትልቅ ቤት ተሥሎ ተሰቅሏል፤ ደጃፉ ላይ ያልበቀሉ ዛፎች ሳይቀሩ ተሥለዋል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ጣልያን መላጣ፣ ጉንፋን የያዘው፣ መሐረቡን ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። ክፉ ፊት የለውም። ከጎኑ ካኪ ኮት ለብሶ የቆመው አስተርጓሚ ጉልላት ነው፣ የመሸሻ ልጅ። ከአርባው ወዲህ ተያይተው አያውቁም። ወረቀቱ አጥሩ ላይ የተለጠፈ ቀን ሠፈሩ የአባቱን ቤት ሸጠው ብሎ ፈረደበት። እሱም ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ቀረ። ሰዎቹ እሷ ፊት ሲያሙት ጥሩብርሃን ዝም ብላ ጥጧን ትባዝት ነበር።

«ምን ጉዳይ ነው ይላሉ» አላት፣ በሕይወቱ አይቷት እንደማያውቅ ሰው።

«ስለ ቤቱ ነው በላቸው። ትምህርት ቤት ልንሠራ ነው ብላችሁ የምታፈርሱት ቤት ትምህርት ቤት ነው በላቸው።»

ጣልያኑ አዳመጠ፣ ተናፈጠ፣ ከመሳቢያው አንድ የታተመ ደብተር አውጥቶ ጣቱን መስመር ላይ እያስኬደ ያነብ ጀመር። ጉልላት እየተረጎመ እግር በእግር ይከተለዋል። ኤንቴው በሕግ የቆመ አካል ነው። በገዛ ስሙ መሬት ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይለውጣል። ይበደራል፣ ያበድራል። ይከሳል፣ ይከሰሳል። ትምህርት ቤት፣ የመጻሕፍት ቤት፣ ሲኒማ ያሠራል፤ ለእነዚህ የሚያስፈልገውንም ቦታ ይይዛል። ባለቤቱ የታወቀ እንደሆነ ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ ተተኪ ቦታም መስጠት አለበት፤ ከዚያ በፊት አንድ ድንጋይ አያነሣም። ባለቤቱ ተጠርቶ ካልቀረበ ግን ቦታው የኤንቴው ነው። ጥሩብርሃን ይህን ሁሉ ቆማ ሰማች። 

«ይሄ ኤንቴ የምትሉት ሰውዬ የታለ?» አለች። «እሳቸው ናቸው?»

«አይደሉም እትዬ። እሳቸው ሠራተኛው ናቸው።»

«ግድግዳው ላይ ያለውስ?»

«እሱም አይደለም። ሰው አይደለም። እንደ ሰው ነው።»

«ይሞታል?»

ጉልላት ወደ ጣልያንኛ መለሰው። ሰውየው ፈገግ አለና እጁን በአየር ላይ አወዛወዘ። «አይሞትም ይላሉ። ሰዎቹ ቢለዋወጡም እሱ ይኖራል።»

«የኛው እንኳ ሞቷል» አለች ጥሩብርሃን። ይህን ጉልላት አልተረጎመውም። «እሺ፤ የማይታየው የእናንተው ቤት ከያዘ፣ የኛው ቢይዝ ምን ነውር አለበት? እንደሱ በላቸው።»

ይህን ነገራቸው። ጣልያኑ አልተቆጣም። ብዕሩን አስቀምጦ ጥቂት አሰበ። ኤንቴው አይታይም፣ ነገር ግን የሚፈርምለት ሰው አለው፤ እኔ እፈርምለታለሁ። ለእናንተ ባለቤት ማን ይፈርምለታል? አለ። «እኔ» ስትል መዝገቡን እንዲያመጣ ጉልላትን አዘዘው። ጉልላት ትልቁን መዝገብ ከመደርደሪያ አወረደና ገጽ ሳይቆጥር፣ ሳይፈልግ፣ በአንድ እጁ ገለጥ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የአውራ ጣቷ ምልክት እዚያ ነበር፣ ደርቆ ሐምራዊ ሆኖ። ቤቱ የኔ አይደለም ብላ የፈረመችው እሷው ራሷ ስለሆነች በምን ውክልና ትናገራለች ተባለች። ጥሩብርሃን ግን የሚባለውን አልሰማችም። ገጹን ሳይፈልግ እንዴት አገኘው? አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ከፍቶ አይቶታል ማለት ነው። ጣቱ የማን እንደሆነ ያውቃል። ሠፈሩ ያን ሁሉ ስም ሲያወጣለት እያወቀ ነበር።

ጉልላት የመጨረሻውን ቃል በዚያው በደረቀ ድምፁ ተረጎመ። «ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮው ሲዘጋ ለመጨረሻ ጊዜ ይጠራል። ማኅበር በልማዱ የሚናገርለት ሰው ካለው የዚያ ሰው ቃል ይሰማል ይላል ሕጉ።» ከዚያ ዓይኑን ከመዝገቡ ሳያነሣ «ጽዋው አሁን ማን ዘንድ ነው?» አላት።

«ጋሼ ነገሬ ዘንድ።»

«ተራውስ የማን ነበር?»

ይህን ሲል ዘበኛው ከእሷ በኋላ መጥቶ የተሰለፈውን ሰው አስገባ።

ከመርካቶ ወደ ኮልፌ የሚወስደውን አዲሱን መንገድ ይዛ ግማሽ ከሄደች በኋላ ነው ነገሩ የገባት። ጭነት መኪኖች አቧራ እያለበሷት ያልፋሉ። አንድ ጨው ነጋዴ አህያውን እየነዳ «እህቴ፣ ዳር ዳሩን፣ እነዚህ ሰው አያዩም» ይላታል። ጥሩብርሃን በድንገት መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ጣልያኑ ጽዋ ምን እንደሆነ አያውቅም። ማን ዘንድ ነው ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። የጠየቃት ጉልላት ነው፣ ከሰውየው ቃል መሐል የራሱን አስገብቶ። ልማዱን ደግሞ የቀራንዮ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ የወሰደ ማኅበርተኛ እስከሚቀጥለው ሃያ ሰባት ድረስ የማኅበሩ አፍ እሱ ነው፤ የታመመ ቢኖር የሚጠይቅ፣ የተጣላ ቢኖር የሚያስታርቅ፣ ዳኛ ዘንድ ቢጠሩም የሚቀርብ። ማኅበርተኛ ሲሞት ቦታው ለልጁ ነው። በታኅሣሥ ተራው የመሸሻ ነበር። መሸሻ ስለሌለ የጉልላት መሆን ነበረበት። ግን ከጣልያን ጋር የሚበላ እጅ ጽዋ አይነካም ብለው ዘለሉትና ጽዋው ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ነገሬ ቤት ተቀመጠ። ለዚህም መዝለል ምክንያት የሆነው ቤቱን ሸጠው የሚለው ወሬ ነው። ወሬውን የምታውቅ፣ ማስቆምም የምትችል፣ ያላስቆመችው ደግሞ እሷ። አቧራውን ከፊቷ ጠርጋ ፈጠን አለች።

ነገሬ ኮርቻ ሰፊ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ጭድ የተጠቀጠቀ ኮርቻ ጭናቸው ላይ አጋድመው በወስፌ ይወጋሉ። ከየካቲቱ እልቂት በኋላ አምስት ወር ታስረው ከወጡ ጀምሮ ግራ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስፌቱን የሚይዙት በጉልበታቸው ነው። ቀና ብለው ሲያዩዋት «ጥሩዬ፣ ምነው ትንፋሽሽ እስኪቆረጥ ሮጥሽ? ዱሬቲ፣ ውኃ አምጪላት» አሉ። ውኃውን ጠጣች። ስለ ጥሪው ነገረቻቸው። ጉልላት ያለውን ስትነግራቸው ወስፌው ቆመ።

«ያ ልጅ ደግሞ ምን አገባው? ሸጦት ሲያበቃ።»

«አልሸጠውም ጋሼ ነገሬ። ቤቱን በመድኃኔዓለም ስም ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ሊቆጥሩ ሲመጡ ነው። ጣቱ የኔ ነው፣ መዝገቡ ላይ አለ። ዛሬ በዓይኔ አየሁት።»

ነገሬ ወስፌውን ጭዱ ላይ ሰኩት። ሚስታቸው ዱሬቲ ባዶውን ጣሳ እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ከጎረቤት አንድ ሰው እንጨት ይፈልጣል፤ የመጥረቢያው ድምፅ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመጣል።

«እዚሁ ተቀምጠን ስናማው አብረሽን ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«አንድም ቀን ቃል አልተነፈስሽም።»

«አንድም ቀን። መሸሻ ሞቶብኝ፣ ቤቱም በኔ ምክንያት ሄደ ብትሉኝ የምቆም አልመሰለኝም። እሱ ወጣት ነው፣ ይችለዋል ብዬ ነው መሰለኝ። እኔ እንጃ።»

ሽማግሌው ኮርቻውን ከጭናቸው አወረዱ። «እኔስ በር ላይ ቢያገኙኝ ምን እላቸው ነበር?» አሉ ቀስ ብለው። «የመድኃኔዓለም ነው። ሌላ ምን ይባላል? በዚህ አልፈርድብሽም። በዝምታሽ ግን፣ ጥሩዬ፣ በዝምታሽ እፈርድብሻለሁ። በራሴም ጭምር። ያባቱን ቦታ ነሣነው።» ከዚያ ቢሮው ቀርበው እንዲናገሩላት እንዳትጠይቃቸው ቀድመው ነገሯት። ስማቸው ከእስር የወጡ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ እዚያ ደጃፍ ቆመው ለማኅበር ልናገር ቢሉ ማታውን ተመልሰው ይገባሉ። ባይሆን እንኳ ተራው የሳቸው አይደለም። «ዱሬቲ፣ ጽዋውን አምጪላት።»

ዱሬቲ ከጓዳ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን የሸክላ ጽዋ ይዛ ወጣች፣ ግን አልሰጠችም። «ባዶውን ነው የምትሰዳት?» አለች ባሏን። ጽዋ ባዶውን እጅ አይቀይርም። ሰዓቱ ስምንት አልፏል። ነገሬ «ሞልተሽ ስጫት፣ ልማዱን ይዘን ልንቀርብ አይደል?» አሉ። ዱሬቲ ከጋኑ ጠላ ቀድታ እስከ አንገቱ ሞላችው፣ አፉን በኮባ ቅጠል ሸፍና በገመድ አሰረችው፣ በትንሽ ቅርጫት ውስጥ አቆመችው። ጥሩብርሃን እየሮጠች የመጣችበትን መንገድ መሮጥ የማይፈቅድ ዕቃ ይዛ ልትመለስበት ሆነ።

እንዲህ ያለ መንገድ ሄዳ አታውቅም። ቅርጫቱን በሁለት እጇ ከደረቷ አስጠግታ፣ እያንዳንዱን ጠጠር እየመረጠች፣ ፀሐይ ከኋላዋ እየወረደች። አንድ የጭነት መኪና ረዳት «እናቴ፣ በአንድ ሊሬ እናድርስዎት!» ብሎ ቢጣራ መንገዱ መኪናውን ሲያነጥረው አይታ እምቢ አለችው። ረዳቱ «እንቁላል ነው የያዙት?» ብሎ ተሳለቀና ሄደ። በኮባው ሥር ጠላው ሲንቀሳቀስ ክንዷ ላይ ይሰማታል። መሸሻ ጽዋ ተራው ሲደርስ እንዲህ አድርጎ ነበር ይዞ የሚመጣው፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው። ልጅ ሆኖ ጉልላት ከኋላው ይከተል ነበር፤ አንድ ቀን ልያዝልህ ቢለው «ቀንህ ሲደርስ» አለው። ይህን ማስታወሷ አስቸገራት። ለቅሶ መጣባት፤ ግን እጇ ተይዞ ስለነበር እንባዋን የሚጠርግላት አልነበረም። ፊቷ ላይ እንዲደርቅ ተወችው።

ግቢው ስትደርስ ወረፋው ተበትኗል። ዘበኛው የበሩን ቁልፎች በጣቱ ላይ እያሽከረከረ ቆሟል። ቢሮው ገና ክፍት ነው፤ በመስኮቱ ጣልያኑ ኮቱን ሲለብስ፣ ጉልላትም መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ገልጦ ሲጠብቅ ይታያል። ዘበኛው ወረቀቱን አወጣ። ማንም ባልቆመበት ግቢ ላይ «መድኃኔዓለም! ቀራንዮ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት!» አለ። ጥሩብርሃን ከበሩ ሃያ እርምጃ ያህል ይቀራታል። ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ እንደምትጣራ ግን አላወቀችም። ጉልላት ቀና ብሎ በመስኮቱ አያት። ቅርጫቱን አየ። ነጩን ጨርቅ አየ። ዘበኛው የለም ሊል ፊቱን ወደ ውስጥ ሲያዞር ከጠረጴዛው ኋላ «አቤት» የሚል ድምፅ መጣ።

ጣልያኑ አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ እንዳደረገ ቀረ። የተባለውን ተርጉምልኝ ብሎ መሆን አለበት፤ ጉልላት የገዛ ቃሉን በጣልያንኛ ነገረውና፣ ጠረጴዛውን ዞሮ ባለጉዳይ በሚቆምበት በኩል መጥቶ ቆመ። ጥሩብርሃን ገብታ ቅርጫቱን ዘረጋችለት። ገመዱን ፈታ፣ ኮባውን ገለጠ፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጎንበስ አለና ተጎነጨ። አንዲት ጠብታ ካኪ ኮቱ ላይ ወደቀች። ጣልያኑ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አየ። ደብተሩን እንደገና ገልጦ በልማዱ የሚናገር ሰው የሚለውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ ረጅም ነገር ተናገረ። ጉልላት የሰውየውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይተረጉም ተወው። እጁን ወደ ደረቱ ሰድዶ የሥራ ምልክቱን ፈታና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጥሩብርሃን ለመረዳት ትርጉም አላስፈለጋትም።

ሰውየው ተቀመጠ፣ ብዕሩን ነከረ። ባለቤት በሚለው ሥር ያለውን ስም አልነካውም። ቀራቢ በሚለው ሥር ጉልላት መሸሻ ብሎ ጻፈ፤ ይህን ፊደሉ ባይገባትም ሲጽፍ ጮክ ብሎ ስላለው ሰማች። ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ቆመና የሚያውቃትን ጥቂት አማርኛ ፈልጎ «ሥራ?» አለ። ጉልላት ጠረጴዛው ላይ የተኛውን የሥራ ምልክት አየ። ጠዋት ቢሆን መልስ ነበረው።  ጣልያኑ ደግሞ «ሥራ?» አለ።

«አስተማሪ ነው» አለች ጥሩብርሃን።

ጣልያኑ አልገባውም። የሚተረጉምለት ሰው ለመፈለግ ከልማድ ወደ ጎኑ ዞረ፤ ጎኑ ባዶ ነው። ወደ ፊት ለፊት መለሰና ጉልላትን አየው። ጉልላት አክስቱን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በዚያ በሥራ ድምፁ፣ «ማኤስትሮ ትላለች» አለ።

ጻፈው።

ወደ ቀራንዮ ሲመለሱ ጽዋውን የያዘው እሱ ነው።  ኤንቴው እንደሚከስ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ ሳይነጋገር ድንጋይ አያነሣም እንጂ የሚቸኩልበት ነገር የለውም፣ አይሞትምና። መድረሻቸው ላይ፣ ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ፣ «ለጋሼ ነገሬ ነግሬያቸዋለሁ፣ ጣቱ የኔ መሆኑን» አለችው።

«እህ።»

«አንተ ስታውቅ ለምን አልተናገርክም?»

ዳገቱን ጨርሰው ወጡ። «አባዬን ያስታመሙት እርስዎ ነዎት» አለ። «እኔ ቢሮ ነበርኩ።»

በሩን ከፈተችለት። ከአርባው ወዲህ ያልገባበት ቤት ነው፤ ጽዋው የሚያድረው ተረካቢው ቤት ነውና ታድራለህ ወይ ብላ አልጠየቀችውም፣ እሱም ልደር ብሎ አልጠየቀም። ጽዋውን የት እንደሚያኖር ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ፣ ጥሩብርሃን የፊደል ገበታውን ከአባቱ መደብ ላይ አንሥታ ቦታ ለቀቀችለት።